ሊኑክስ በፍኖተ ሰላም መንገድ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን ሲያልፍ ፍኖተ ሰላምን ያገኛል፤ ቀጥሎ ቡሬን። በሁለቱም ከተሞች፣ በወረዳ መሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት አካባቢ፣ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ተደርድረዋል። በራቸው ላይ «የኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ተብሎ ተጽፏል። ከገጠር የመጣ ገበሬ ስለ መሬት ክርክሩ ማመልከቻ የሚያስጽፈው እዚያ ነው። የአገራችን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሪክ የሚጀመረው ከነዚህ ክፍሎች ነው ብንል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ዊንዶውስና ሊኑክስ በጎጃም ምድር የተፋለሙት እዚህ ነው፤ ሊኑክስም የተሸነፈው እዚሁ ነው። ለምን እንደተሸነፈ ግን ብዙ ሰው በትክክል አይናገርም።

ለማያውቁት ባጭሩ እንበል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምንቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።) በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ፣ ማንም ሰው አይቶ፣ ቀይሮ፣ አባዝቶ ለሌላው ሊሰጠው የሚችል ሲስተም እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ለሲስተሙ የጎደለውን ልብ፣ ማለትም ከርነሉን፣ ጻፈ። ሁለቱ ሲገጥሙ ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ነገር ተገኘ። ለአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን ይዞ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል፤ የራሱን ይጨምርበታል፤ ፈቃድ ክፈል የሚለው የለም። ልዩነቱ፣ የኛዎቹ መምህራን ተማሪው የማንን ቤት እንደተማረ እንዲናገር አጥብቀው መጠየቃቸው ብቻ ነው። ለነገሩ የስቶልማን ፈቃድም የደራሲው ስም እንዳይፋቅ ያዝዛል።

ወደ እኛ ጊዜ እንምጣ። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በጥቅምት 2004 ወጣ። አሳታሚው ካኖኒካል የተባለው የደቡብ አፍሪካዊው የማርክ ሻትልወርዝ ኩባንያ ሲሆን፣ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው፣ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ አንድ ገጽ ሞልቶ፣ ሲዲው እጁ እስኪገባ መጠበቅ ብቻ ነበር ድርሻው። አገልግሎቱ እስከ 2011 ዘልቋል። ለክፍለ ሀገር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያን ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ሙሉ ሲዲ ከኢንተርኔት አወርዳለሁ ማለት፣ 700 ሜጋባይት በስልክ መስመር መጎተት ማለት ነው። ፖስታው ከኔትወርኩ ይፈጥን ነበር ብንላችሁ አትሳቁ፤ እውነት ነው።

ሲዲውን አስገብቶ ማሽኑን ማስነሣት ብቻ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ቡናማው ስክሪን ይመጣል። በሚያዝያ 2008 ደግሞ ዉቢ የሚባል ነገር ተጨመረና ኡቡንቱን እንደ አንድ ፕሮግራም ዊንዶውስ ውስጥ ጭኖ፣ ካልወደዱት አጥፍቶ መመለስ ተቻለ። መሞከር እንዲህ ቀላል ነበር። ችግሩ ከሙከራው በኋላ ይጀምራል።

አንደኛው ችግር ዘፈን ነው። ያን ጊዜ በየከተማው ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ነበሩ፤ ፋይሉ ሁሉ ኤምፒስሪ። ኤምፒስሪ ደግሞ የፓተንት ባለቤቶች ነበሩትና ኡቡንቱ ማጫወቻውን ሲዲው ላይ አላካተተም። «ከኢንተርኔት አውርድ» ይላል። ኢንተርኔቱ የታለ? የፓተንቱ ዘመን ያበቃው በ2017 ነው፤ የዘፈን ጫኙ ሱቅ ዘመን ቀድሞ አለፈ። ሁለተኛው ችግር ሞደም ነው። የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የውስጥ ሞደሞች ሥራቸውን ግማሽ በግማሽ ለዊንዶውስ የሰጡ፣ ያለ ዊንዶውስ ሾፌር የማይነቃነቁ ነበሩ። ስለዚህ ሊኑክስ ኢንተርኔት ለመግባት ሾፌር ይፈልጋል፤ ሾፌሩን ለማግኘት ኢንተርኔት ይፈልጋል። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

እነዚህን ግን ጎበዝ ልጅ ይወጣቸዋል። ሊኑክስን የጣለው ዋናው ጉዳይ የአማርኛ ጽሕፈት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው።

የድሮ ኮምፒዩተር ለፊደል የሚሰጠው ሰሌዳ 256 ቦታ ብቻ ነው፤ ግማሹ በላቲንና በምልክቶች የተያዘ። የኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7 ብቻውን 231 ነው፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይጨመር። ስለዚህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች፣ ከዳሸን ኢንጂነሪንግ እስከ አጋፋሪ፣ በኋላም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ፣ ሁሉም በየራሳቸው ዘዴ ተጠበቡ። ብዙዎቹ የላቲንና የምልክት ቦታዎችን ወስደው ስዕላቸውን በፊደል ቀየሩ፤ አልበቃ ሲልም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፈሉት። በቪዥዋል ግዕዝ «የ» ብላችሁ ስትጽፉ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የሦስት አራተኛን ክፍልፋይ ምልክት ነው። ፎንቱ እስካለ ድረስ «የ» ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱ ከሌለ ሦስት አራተኛ ነው።

እንግዲህ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ኡቡንቱን ሲሞክር ምን እንዳየ አስቡት። የአምስት ዓመት ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የእርቅ ውል በኦፕን ኦፊስ ተከፈተ፤ ገጹ ሙሉ ክፍልፋይና ቅንፍ። ፎንቱን ገልብጦ ማምጣት ለማንበብ ይረዳል፤ ለመጻፍ ግን አይረዳም፤ ምክንያቱም ቁልፍ ሲነካ ሀሁን ወደ እነዚያ ምልክቶች የሚቀይረው ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ባለሱቁ ሁለት ገጽ ጽፎ ሃያ ብር ሊቀበል ነው የተቀመጠው። ስለ ነፃነት የሚነገር ስብከት ሰልፍ የያዘውን ገበሬ ማመልከቻ አያደርስም። በእኛ ግምት ሰውየው ሊኑክስን የተወው ስላልገባው አይደለም፤ በደንብ ስለገባው ነው።

የሚያስቆጨው፣ መፍትሔው በሊኑክስ ሰፈር ቀድሞ መገኘቱ ነው። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የሚባል፣ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አወጡ፤ ትንሿ የላቲን ቲ «ተ»፣ ትልቋ «ጠ» የምትሆንበት። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 የተባለው ነፃ የጽሑፍ ማዘጋጃ አማርኛ ይጽፍ ነበር፤ ያንን ክፍል የጻፈው ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ነው። ዛሬም ኢማክስን ከፍታችሁ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ የያዘውን ፋይል ብታዩ «ሠላም» የሚል ታገኛላችሁ፤ በንጉሡ ሠ። የፊደል አጠባበቅ ክርክር ያለበት ሰው እዚያም ይከራከር! ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ ግዕዝን በ345 ቁምፊዎች የተቀበለው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ንያላ የሚባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ኤክስፒ ላይ የቆዩት የፍኖተ ሰላም ማሽኖች እሱንም አላዩትም።

በመካከሉ የዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሊኑክስን ከውስጥ አማርኛ ለማስተማር ሲደክም ነበር። የሰኞ ማክሰኞው ስም፣ የፊደሉ ቅደም ተከተል፣ የብሩ አጻጻፍ የሚቀመጥበት «ሎኬል» የሚባል ፋይል አለ፤ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛ፣ ለግዕዝም ሳይቀር አዘጋጁ። ግዕዙ እንዲያውም በሁለት መልክ ነው የቀረበው፤ አንዱ በሀሁ፣ ሌላው በአበገደ። አንድ ኩባንያ ለትርፍ ብሎ በአበገደ ተራ ስም የሚደረድር ኮምፒዩተር ይሠራል ብላችሁ ታስባላችሁ? ነፃ ሶፍትዌር ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ያለ ገበያ የሌለውን ነገር የሚወድ ሰው ሲያገኝ ነው። በአማርኛው ሎኬል ግን ወራቱ «ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ» ሆነው ቀሩ፤ ግዕዙ «ጠሐረ፣ ከተተ» እያለ። መስከረምን የሚያውቅ ዴስክቶፕ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱም ለቅሶ ናቸው። ፎንቶቹንም ሳናነሣ አናልፍም፤ በነፃ ከተሰራጩት አንዱ ስሙ ዋሽራ ነው፤ የጎጃሙን የቅኔ ቤት የሚያስታውስ። ሌላው በይገዙ ብስራት፣ በቁም ጽሕፈቱ ሊቅ፣ ስም የተጠራ ነው።

ሊኑክስ የተማረኩለትን አላጣም። ፍላሽ በየሱቁ ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይዞር ነበር፤ ፋይሉን ደብቆ በቦታው አቋራጭ የሚያስቀምጠው ዓይነት በተለይ። የመመረቂያ ጽሑፉ «ጠፋ» የተባለበት ተማሪ ወደ ባለሙያ ሲሄድ፣ ባለሙያው የኡቡንቱን ሲዲ አስገብቶ ያስነሣዋል። ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ተራ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ የተደበቀውም ይታያል። ገልብጦ፣ ቫይረሱን ሰርዞ፣ ሲዲውን አውጥቶ፣ ብሩን ይቀበላል። ማሽኑ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። የሊኑክስ ዕጣ እንደ ወጌሻ ነበር፤ አጥንት ሲሰበር የሚጠራ፣ ሠርግ ላይ የማይጠራ።

በ2008 ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ገቡ፤ የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ፕሮጀክት። በፌዶራ ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ሹገር የሚባል ዴስክቶፕ ነበራቸው። በ2012 ይኸው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ወዳሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች፣ የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ወሰደ። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተቆለፈውን ካሜራ አስከፈቱ። ዜናው ዓለምን ዞረ። እኛን የሚገርመን የልጆቹ ብልሃት አይደለም፤ የገጠር ልጅ የተዘጋ በር እንደሚከፍት መንደሩ ቀድሞ ያውቃል። የሚገርመን አስተማሪውን መዝለል እንደ ትልቅ ግኝት መቆጠሩ ነው።

ሊኑክስ ምዕራብ ጎጃም ገጠር የገባው በመጨረሻ በሌላ በር ነው። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ዛሬ በቡሬ ገበያ ቴክኖ ስልኩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ የያዘ ገበሬ፣ ሳያውቀው ያንን የሄልሲንኪ ተማሪ ሥራ ይዞ ይዞራል። የሚጽፈውም ዩኒኮድ ነው፤ «የ»ው «የ» ነው።

ነገሩን ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። በየጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያለው ማሽን አሮጌ ነው። በዚያ ላይ፣ ከነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ «ኦንላይን ግባና አስተካክል» የሚለው መፍትሔ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ሁሉም አይቷል። ለእንዲህ ያለ አገር አንድ ሰው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ በፍላሽ የሚልከው፣ ያለ ፈቃድ ቁልፍ የሚጫን ሲስተም ዋጋ አለው። ሊኑክስ ሚንት 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ያለ ቅሬታ ይሠራል፤ በሴራ ዘዴ አማርኛ መጻፊያው አይባስ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ይጨመራል፤ ሊብሬ ኦፊስ ምናሌውን በአማርኛ ያሳያል።

የቀረው የድሮው ፋይል ነው። ፓወር ግዕዝ ራሱ ከ2010 እትሙ ወዲህ ዩኒኮድ ይጽፋል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየሃርድ ዲስኩ ክፍልፋይ ሆኖ ተኝቷል። ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እንዲህ ያለውን የዎርድ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ነፃ ፕሮግራም አለው፤ ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ማሽኑን ከመቀየራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ የተጫኑትን የድሮ ፎንቶች ስም በወረቀት ጻፉ። የትኛው ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ካልታወቀ፣ ሦስት አራተኛው «የ» ይሁን ሌላ ፊደል የሚነግራችሁ የለም።