ከምጽዋት ወደ መብት፦ የአካል ጉዳተኞች የሕግ ጥበቃ ታሪክና የመሐንዲሱ ድርሻ

ማንኛውም ሕግ ሲመረመር አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ግዴታውን በማን ትከሻ ላይ ይጥላል የሚለው ነው። በአገራችን የአካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ ለመጠበቅ ከግማሽ ምእት ዓመት ወዲህ የወጡት ሕጎች በዚህ ዓይን ሲታዩ፣ ሸክሙ ከጉዳተኛው ላይ ቀስ በቀስ እየተነሣ ወደ መንግሥት፣ ወደ አሠሪው፣ በመጨረሻም ወደ እኛ ወደ ሕንፃ ነዳፊዎችና ሠሪዎች የተሸጋገረበትን ታሪክ ያሳያሉ። ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ይታየን የነበርን ብዙዎች ስለሆንን፣ ታሪኩን ባጭሩ መመልከት ይጠቅማል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1963 ዓ.ም. በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70፣ አካለ ስንኩላንን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። ትእዛዙ ጉዳተኛ ብሎ የተረጐመው፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ የማይችለውንና ጧሪ የሌለውን ሰው ነበር፤ በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርቶ ማደር የማይችለውም በዚሁ ትርጉም ተጠቃሏል። መንግሥት ኀላፊነቱን በሕግ መቀበሉ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ትርጉሙ ጉዳተኛነትንና ሠርቶ መብላት አለመቻልን አንድ አድርጎ ስለ ቈጠረ፣ መሥራት እየቻለ በሩ የሚዘጋበትን ሰው ሳያየው አልፏል።

ይህን ሰው በስሙ የጠራው በሽግግሩ መንግሥት ዘመን በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ነው። አዋጁ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከት ሆኖ፣ ለእነርሱ የተለዩ ክፍት የሥራ ቦታዎች እንዲጠበቁ ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን አረጋገጠ። በዚህ አንቀጽ ዘር፣ ቀለም፣ ጾታ፣ ሃይማኖትና ሌሎችም ሲዘረዘሩ የአካል ጉዳት በስም አልተጠቀሰም፤ ጥበቃውን የሚያገኘው «በሌላ አቋም» በሚለው ጥቅል ቃል ነው። ስለ ጉዳተኞች በግልጽ የሚናገረው አንቀጽ 41 ሲሆን፣ እርሱም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው የሚያዝ ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 568 ነው። የአዋጁ መግቢያ የቀድሞውን ሕግ ጉድለት ሳይሸሽግ ይገልጻል፤ ቦታ ለይቶ ማስቀመጡ ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት እንደማይችሉ የሚያስመስል አመለካከት መፍጠሩን፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የማግኘት መብታቸውንም አለማረጋገጡን ያስረዳል። ስለዚህ አዲሱ አዋጅ ሁለት ሸክሞችን ከቦታቸው አነሣ። አንደኛው የማስረዳት ሸክም ነው፤ በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሠራተኛ ወይም ሥራ ፈላጊ ክስ ሲያቀርብ፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ግዴታ በተከሳሹ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው የማመቻቸት ሸክም ነው፤ አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፣ ሰዓቱንና የሥራ አካባቢውን ለጉዳተኛው እንዲስማማ ካላደረገ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና ካልገጠመው በቀር፣ አለማድረጉ ራሱ አድልዎ ሆኖ ተቈጠረ።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ወደ ሙያችን ደረሰ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃም በበቂ ቍጥር እንዲዘጋጅላቸው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ስታጸድቅ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ሆነ።

እነዚህ ሁሉ ከወጡ በኋላ ግን የእኔው እጅ አምስት ደረጃ ሣለ። ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀሁት ንድፍ፣ ለጎርፍም ለግርማም ይበጃል ብዬ የምድር ቤቱን ወለል 85 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት። አዋጁን ያነበብሁት ስለ ወሰን ርቀትና ስለ ከፍታ ብቻ ነበር። ሕንፃው አገልግሎት ከጀመረ በኋላ፣ ለቅጥር ፈተና የተጠራ አንድ ወጣት ከነተሽከርካሪ ወንበሩ በሁለት ዘበኞች ተይዞ ሲወጣ ተመለከትሁ። ወጣቱ ያን ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ፈታኞቹ አላዳሉበትም፤ ያዳላበት ደረጃው ነበር።

መወጣጫ ይጨመርበት ቢባል፣ በተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት ለ85 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከማረፊያው ሌላ 10.2 ሜትር ርዝመት ያስፈልግ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ግን ይህን ያህል ቦታ አልተረፈም። ወለሉ በንድፉ ጊዜ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢልና ጎርፉ በቦይ ቢመለስ፣ 1.8 ሜትር በበቃ ነበር። ልዩነቱ የገንዘብ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቀን ውሳኔ ነበር።

የማስረዳቱን ሸክም ተከሳሹ፣ የማመቻቸቱን አሠሪው ተቀብሏል። የወለሉን ከፍታ የሚወስነው ግን መሐንዲሱ ነው። ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ለማንኛውም የሕዝብ ሕንፃ ከመግቢያው በፊት ያለው ደረጃ ሲሣል፣ በዚያው ወረቀት ላይ ያ ወጣት በራሱ የሚገባበት መንገድ አብሮ እንዲሣል አደራ እላለሁ።