ልጁ በትምህርት ቢሮ፣ ባለሙያው በጤና ቢሮ፦ የንግግር ሕክምና በምዕራብ ሸዋ ትምህርት ቤቶች

አንድ ልጅ አፉን ሳይፈታ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው፣ በአምቦም ሆነ በጉደር ወላጆች የሚሰሙት ማጽናኛ ያው ነው፦ «ግድ የለም፣ ጊዜው ሲደርስ ይናገራል።» አንዳንዱ በእርግጥም ይናገራል። ያልተናገረው አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ነገሩ የመምህሩ ዕዳ ይሆናል። ይህ መምህር በመዝገብ የልዩ ፍላጎት መምህር ይባላል፤ የሚጠበቅበት ግን በሌላ አገር የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ለእርሱ መቅደም ያለበት ሌላ አጭር ሥልጠና ሳይሆን የሥራ መደብ፣ በሥራ ሰዓቱ የሚቆጠርለት ጊዜና ሲቸግረው የሚጠይቀው ባለሙያ ነው የሚል ነው።

በሰነድ ረገድ ብዙም አልጎደለብንም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች አንሥቷል። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አካቶን ጨምሮ ተሻሻለ። በመሀል፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የሰበታ ልዩ ፍላጎት መምህራን ኮሌጅም መምህራን ያሠለጥናል። ይሁንና የዘርፉ ጉልበት ለረጅም ጊዜ በብሬልና በምልክት ቋንቋ ዙሪያ ቆይቷል፤ ይህም ተገቢ ነበር። በአምቦ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የላዛሪስት ካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አለ። እየሰማ የማይናገረው፣ የሚንተባተበው፣ ወይም ከቤተሰቡ በቀር ማንም የማይረዳው ልጅ የሚሄድበት ግን በግልጽ አይታወቅም።

የንግግር ሕክምና ሙያ ወደ አገራችን የገባው በዋናነት በጤናው በር ነው። በየካቲት 12 ሆስፒታል የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ያላቸው ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ያገኛሉ። ላንቃው ከተጠገነ በኋላ ግን ልጁ አየሩን በአፍንጫ የመልቀቅ፣ ድምፁንም ከጉሮሮ የማውጣት ልማዱን በራሱ ላይተው ይችላል፤ ይህ በወራት ልምምድ የሚታረም እንጂ በቢላ የሚቆረጥ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በንግግርና ቋንቋ ሕክምና የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም የከፈተውም በጤና ሳይንስ ኮሌጁ ሥር ነው። እሰየው ነው። ግን ተመራቂው የጤና ባለሙያ ስለሆነ መደቡ ሆስፒታል ውስጥ ይከፈታል፤ ልጁ ደግሞ በየቀኑ የሚውለው በትምህርት ቢሮ ግቢ ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ልምምድ ይህን መንገድ የሚመላለስ ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ አይገኝም፤ ቢገኝም እንዲመላለስ መጠየቅ ግፍ ነው።

አሜሪካኖች ይህን እንቆቅልሽ በከፊል የፈቱት በሕግ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አካል ጉዳት ላለበት ልጅ የሚያስፈልገውን አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ስለጣለ ባለሙያው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ያም ሆኖ ሙግቱ አላበቃም። በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሙያ ማኅበራቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራው በልጆች ቁጥር ብቻ መለካቱ ቀርቶ በጠቅላላ የሥራ ጫናው እንዲለካ የሚጠይቅ ሰነድ አውጥቷል፤ ምርመራው፣ ሪፖርቱ፣ ወላጅና መምህር ማነጋገሩ ሁሉ ሰዓት ይበላልና። ባለሙያን በአገር ውስጥ በማሠልጠን ረገድ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የዩጋንዳ ምሳሌ ነው፦ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የንግግር ሕክምና ሥልጠናውን የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

ከውጭ በቀጥታ ልንገለብጠው የማንችለው የልጁን ንግግር የምንለካበትን መመዘኛ ነው። በአፋን ኦሮሞ ‹ዸ› ከ‹ደ› የተለየ፣ ወደ ውስጥ በሚሳብ አየር የሚፈጠር ድምፅ ነው፤ የእንግሊዝኛ መመዘኛ አያውቀውም። አምቦ ከተማ ውስጥ ‹ዸ›ን በ‹ደ› የሚተካ የሰባት ዓመት ልጅ ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ከሆነ ችግር የለበትም፤ ሁለተኛ ቋንቋ እየለመደ ነው። እናት አባቱ በአፋን ኦሮሞ የሚያናግሩት የጌዶ ልጅ እንዲያ ቢል ግን መታየት አለበት። ‹ተ›ና ‹ጠ› ለሚምታቱበት ልጅ ደግሞ መምህሩ መዳፉን ከአፉ ፊት እንዲያደርግ ይነግረዋል፤ ‹ተ› ሲባል ትንፋሹ መዳፉ ላይ ያርፋል፣ ‹ጠ› ሲባል ትንፋሹ ታፍኖ ድምፁ ብቻ ይፈነጥቃል። እንዲህ ያለው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድን ልጅ ከሌሎቹ ለይቶ ሩብ ሰዓት መስጠትን ነው፤ ያች ሩብ ሰዓት ደግሞ በመምህሩ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አትቆጠርም።

ጥብቅና በዚህ አገር ውጤት እንደሚያመጣ ወላጆች አሳይተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ኦቲዝም አነሣሥቷቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ንግግር ለማስተማርም አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴ ቀምረዋል። የወላጅ ጩኸት ብቻውን ግን መደብ አያስከፍትም። ለዚህ በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር ጉዳዩን የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አድርጎ መያዝ አለበት። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም አንድ የንግግር ሕክምና መደብ ከፍቶ፣ ባለሙያው ከሳምንቱ ሁለቱን ቀን በክላስተር ማዕከል ትምህርት ቤቶች ውሎ የልዩ ፍላጎት መምህራኑን እንዲደግፍ ማድረግ ይቻላል። አበሉን ጤና ቢሮ ይክፈል ወይስ ትምህርት ቢሮ? ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ የስምምነት ሰነድ ላይ መፈራረም ያለባቸው ይህን ለመወሰን ነው።