የግላኮማ ኦፕራሲዮንና የዓይን ግፊት የቀንና የሌሊት መዋዠቅ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

በዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ጥሩ ውሃ አለ። መውጫው ሲጠበው ግፊቱ ከፍ ይልና የማየትን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድላል። ይህ ግላኮማ የተባለው ሕመም ነው። የሞተውን ነርቭ የሚያስነሣ መድኃኒት ስለሌለ፥ የሐኪም ሥራ የቀረውን ብርሃን መጠበቅ ነው። በአገራችን በ2005 እና በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተደረገው ብሔራዊ ጥናት፥ ከዓይነ ስውርነት 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ መሆኑን አሳይቷል።

የበርሊኑ ሐኪም ፎን ግሬፌ በ1857 ከአይሪስ ጥቂት ቆርጦ በማውጣት ድንገተኛውን ግላኮማ ለማብረድ እንደሚቻል አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ግን ግፊት የሚገመተው የተከደነውን ዓይን በጣት ጫን ጫን በማድረግ ነበር። የሞስኮው ማክላኮቭ በ1885፥ ኖርዌያዊው ሺዎትስ ደግሞ በ1905 መለኪያ መሣሪያ አቀረቡ። ማስሌኒኮቭ በ1904 የግላኮማ ዓይን ግፊት በቀኑ ውስጥ እንደሚዋዥቅ ጻፈ። በ1960 ካናዳዊው ድራንስ ልዩነቱን በቁጥር አስረዳ፤ ይኸውም የጤነኛ ዓይን ግፊት በቀን በአማካይ ወደ 4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲዋዥቅ፥ ያልታከመው የግላኮማ ዓይን ወደ 11 ይደርሳል። ከዚያም ወዲህ ሰው በተኛ ጊዜ ግፊቱ እንደሚጨምር ታውቋል። እንግዲህ ረፋድ ላይ መልካም ሆኖ የተገኘው ልክ ሌሊት የሚደርሰውን ጉዳት ሊሸሽግ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑም በበኩሉ ተሻሻለ። ኤሊየት በ1909 በማድራስ የዓይኑን ነጭ ክፍል በመብሳት፥ ኬርንዝ በ1968 በካምብሪጅ በስስ ክዳን ሥር ቀዳዳ በማበጀት ለውሃው አዲስ መውጫ ከፈቱ። ነገሩ የአርሲ ደጋ ገበሬ ውሃ የተኛበትን የገብስ ማሳ በቦይ እንደሚያንጣፍፈው ያለ ነው፤ ውሃው በበዛ ጊዜ ቦዩ አብዝቶ ያወጣል። የዓይን ጠብታ ግን ሰዓቱ ሲያልፍ ኃይሉ ይደክማል። ከ2000 ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም፥ በመልካም ሁኔታ የተሠራ ዓይን በጠብታ ከሚታከመው ይልቅ ግፊቱ ያነሰ እንደሚዋዥቅና ከፍተኛው ልክም ዝቅ እንደሚል አመልክተዋል።

ይህ ነገር ለበቆጂ ሰው ትርጉሙ ትልቅ ነው። ወደ አሰላ፥ አልፎም እስከ አዲስ አበባ ተጉዞ የሚታከም ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ እየተለካ የሚያድርበት ዕድል ጥቂት ነው፤ የሚያገኘው የአንድ ሰዓት ልክ ነው። ግፊቱ የረጋ እንደ ሆነ ግን ያ አንዱ ልክ ይበልጥ የሚታመን ይሆናል።

ሆኖም ኦፕራሲዮን የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ ቀዳዳው በጠባሳ ሊደፈን፥ ግፊቱም ያለ ልክ ሊወርድ፥ ዓይኑም ሊመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ የተሠራለት ሰው ለምርመራ መመላለስ አለበት። ከታሪኩ የምንረዳው፥ ሕክምናው መመዘን ያለበት ሐኪሙ በለካበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን፥ ሕመምተኛው ቤቱ ገብቶ በተኛበትም ሰዓት መሆኑን ነው።