“ቦንድ”፦ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ የተለያየ ግዴታ

“ቦንድ” ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ቃል አይደለም። ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ ጋር ተያይዞ በየቤቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ብዙዎች የሚረዱት “የብድር ሰነድ” በሚለው ትርጉሙ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ትእዛዝ ላይ፣ በሜልበርን የቤት ኪራይ ውል ውስጥ ወይም በጆሐንስበርግ ባንክ ሲያጋጥም የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚይዘውና ተመላሽ መሆን አለመሆኑም እንደዚያው ይለያያል።

ቃሉ “ማሰር” ከሚል ትርጉም ካለው የጥንት የሰሜን አውሮፓ ቃል የመጣ ነው። ከጊዜ በኋላ ሰው ራሱን በቃሉ የሚያስርበት ውል “ቦንድ” ተባለ። ባርነትን የሚገልጸው “ቦንዴጅ” ከዚሁ የተወለደ ቢመስልም ሥሩ ሌላ ነው፤ በጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ገበሬን ወይም ባለቤትን ከሚያመለክት ቃል መጥቶ፣ በድምፅ መመሳሰል ምክንያት ትርጉሙ ወደ እስራት ተስቧል። የሚገርመው፣ “ባል” የሚል ትርጉም ያለው “ሀዝባንድ” የዚሁ ቃል ዘመድ መሆኑ ነው።

የብድር ሰነድ

በገንዘብ ገበያ ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ነው። እንደ አክሲዮን የባለቤትነት ድርሻ አይሰጠውም፤ በውሉ መሠረት ወለድ ይከፈለዋል፤ ጊዜው ሲደርስ ዋናው ገንዘብ ይመለስለታል። “ዩሮቦንድ” የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ከዩሮ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አንድ አገር ወይም ድርጅት ከራሱ ገንዘብ ውጪ በሆነ መገበያያ በዓለም አቀፍ ገበያ የሚሸጠው ቦንድ ነው። ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2014 የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በአሜሪካ ዶላር የተመነ ነበር። አገሪቱ በታኅሣሥ 2023 መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች።

የቦንድ ሽያጭ የሚካሄድበት አገር ሕግም መከበር አለበት። ከ2011 እስከ 2014 የግድቡን ቦንድ ከ3,100 በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች ገዝተው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰብስቦ ነበር። ሽያጩ በአሜሪካ ሕግ መሠረት አስቀድሞ ባለመመዝገቡ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከአገሪቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጋር በ2016 ተስማምቶ ወለድን ጨምሮ 6.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመክፈል ተገዷል።

የዋስትና ገንዘብ

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች “ቤይል” እና “ቦንድ” ብዙውን ጊዜ እየተቀያየሩ ይነገራሉ። በጥብቅ አነጋገር “ቤይል” ፍርድ ቤቱ የወሰነው የዋስትና መጠን ሲሆን “ቦንድ” ያንን የሚያረጋግጠው ሰነድ ነው። በወንጀል ጉዳይ ቤተሰቡ ሙሉውን ገንዘብ ለፍርድ ቤት ካስያዘ፣ ተከሳሹ በየቀጠሮው እስከቀረበ ድረስ ገንዘቡ በመጨረሻ ይመለሳል። በዋስትና ድርጅት በኩል ከሆነ ግን ለድርጅቱ የሚከፈለው፣ ብዙውን ጊዜ የዋስትናው 10 በመቶ ገደማ የሆነ ገንዘብ የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ተከሳሹ ነጻ ቢባል እንኳ አይመለስም። ይህን ሳይረዱ ገንዘቡን ሲጠብቁ የሚከርሙ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እንደ ኬንታኪና ኦሪገን ባሉ ግዛቶች ይህ ንግድ የተከለከለ ነው፤ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ አብዛኞቹ ተከሳሾች የሚለቀቁት ያለ ገንዘብ ዋስትና ነው።

የኢሚግሬሽን ቦንድ ከወንጀል ዋስትና የተለየ ነው። በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 1,500 ዶላር ሲሆን ዳኞች ከዚያ እጅግ የበለጠ ሊጠይቁ ይችላሉ። እዚህ ላይ “ዋስ” የሚለው የአማርኛ ቃል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ገንዘቡን በስሙ ያስያዘው ሰው አበድሮ የሚሄድ ሳይሆን፣ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ሲጠይቀው የተለቀቀውን ሰው የማቅረብ ግዴታ የገባ ነው። ካላቀረበ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሊወረስ ይችላል። ጉዳዩ ሲቋጭና ቦንዱ ሲሰረዝ ገንዘቡ የሚመለሰው ለታሰረው ሰው ሳይሆን ለዋሱ ነው። ስለዚህ ዋሱ ቤት ሲቀይር አዲሱን አድራሻ ማስመዝገብ፣ የከፈለበትን ደረሰኝም ጠብቆ ማቆየት አለበት።

“ፈቃደኛ ሆኖ ከአገር መውጣት” የተፈቀደለት ሰው የሚያስይዘው ቦንድም አለ፤ መውጣቱን በማስረጃ ሲያረጋግጥ ይመለስለታል። ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የአንዳንድ አገሮች የጎብኚ ቪዛ አመልካቾችን 5,000፣ 10,000 ወይም 15,000 ዶላር ቦንድ መጠየቅ ጀምሯል። መጀመሪያ የተካተቱት ማላዊና ዛምቢያ ሲሆኑ በኋላ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተጨምረዋል።

ቤትና ቁጠባ

በአውስትራሊያ “ቦንድ” ተከራይ ቤት ሲገባ የሚያስይዘው ገንዘብ ነው። በቪክቶሪያ ግዛት አከራዩ ይህን ገንዘብ በእጁ ማቆየት አይችልም፤ ለዚሁ በተቋቋመ የመንግሥት አካል ዘንድ መቀመጥ አለበት። በደቡብ አፍሪካ ግን “ቦንድ አለብኝ” የሚል ሰው የሚናገረው ቤት ስለገዛበት የባንክ ብድር ነው። በብሪታኒያ ከ1956 ጀምሮ የሚሸጠው “ፕሪሚየም ቦንድ” ከሁሉም ይለያል፦ ወለድ አይከፍልም፤ በወለድ ፈንታ ገዢው በየወሩ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ያስቀመጠውን ገንዘብም በፈለገ ጊዜ ማውጣት ይችላል።