ስሙ የቀረ፣ ዘሩ ያልተጻፈ፦ የሀገራችን ፈረስ ታሪክ

ብቸና ላይ «አባ ኮስትር» ከተባለ ማን እንደሆነ አስረጅ አያሻም፤ አርበኛው በላይ ዘለቀ ነው። ኮስትር ግን የፈረስ ስም ነው። «አባ» ማለት ደግሞ እዚህ ላይ ባለቤት እንደማለት ነው። ፈረሰኛውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ፈረሱ ዘር የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው።

በሀገራችን ሰውን በፈረሱ ስም መጥራት የቆየ ባህል ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ልጅ ኢያሱ «አባ ጤና» ይባሉ ነበር። የጅማው ንጉሥ ሁለተኛው አባ ጅፋርም የተወለዱበት ስም ቱሉ ነው፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በፈረስ ስማቸው ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራውም ኦሮሞውም የተጋራው ክብር ነበር።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አረባዊ ጸሐፊ አል-ዑመሪ የሀገራችንን ሙስሊም ሱልጣኔቶች ጉልበት የለካው በፈረሰኛ ብዛት ነው። ለይፋት 15,000፣ ለሀድያ 40,000 ፈረሰኛ ቆጥሮላቸዋል። ያን ያህል ፈረሰኛ ለማሰለፍ የሚያረባ ገበሬ፣ የሚገራ ባለሙያ፣ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ እጅ ይጠይቃል።

ፈረስ ደግሞ ለጦርነት ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ ገበያ ባሶ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከጊቤ ሀገሮች የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በባሶ አድርጎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወጣ ነበር። በዚህ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ጭነቱን የሚሸከመው በቅሎና አህያ ነው። ታዲያ በቅሎ ከየት ይመጣል? ከወንድ አህያና ከባዝራ። በቅሎ ራሷ አትወልድም። ስለዚህ የነጋዴው መንገድ ሳይቋረጥ የኖረው ደጋ ላይ ባዝራ የሚያረባ ገበሬ ስለነበረ ነው።

ለመሆኑ የሀገራችን ፈረስ አንድ ዓይነት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት ስምንት ዓይነት ለይቷል፦ አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ኦጋዴን፣ ሰላሌ እና ኩንዱዶ። ሰላሌ ከእኛ ከምሥራቅ ጎጃም የሚለየው ዓባይ ብቻ ነው። ከሁሉም ብርቅ የሆነው ኩንዱዶ ነው። ከሐረር በስተምሥራቅ፣ በፉኛን ቢራ አጠገብ ባለው በኩንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት፣ ያለ ልጓም የሚኖር ፈረስ ነው። ቁጥሩ እጅግ ተመናምኗል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ፈረንጆች ፈረስን «ደመ ሞቃት»፣ «ደመ ቀዝቃዛ» እና «ደመ ለብታ» ብለው ይከፍላሉ። ነገሩ ስለ ደም ሙቀት ሳይሆን ስለ ጠባይና ስለ ዘር ነው። የአረብ ፈረስ ሞቃት፣ ከባዱ የእርሻ ፈረስ ቀዝቃዛ፣ የሁለቱ መካከለኛ ደግሞ ለብታ ይባላል። ከዚህ ከመሐለኛው ወገን ስመ ጥር የሆነው የጀርመኑ ሃኖቨር ፈረስ ነው፤ በሴለ ከተማ የመንግሥት ማርቢያ የተቋቋመለት እ.ኤ.አ. በ1735 ነው። ድንጉላው ማን እንደሆነ፣ ባዝራዋ የማን ልጅ እንደሆነች በመዝገብ ይያዛል።

ይህ ግን አውሮፓ የጀመረችው ነገር አይደለም። ከ1,200 ዓመታት በፊት የኩፋው ሊቅ ሂሻም ኢብኑል ከልቢ ስለ ዝነኛ የአረብ ፈረሶች የዘር ሐረግ መጽሐፍ ጽፏል። ሱረቱል ዓዲያትን በልጅነቱ የሸመደደ ወጣት በሚጋልብ ፈረስ መማል ምን ያህል ክብር እንደሆነ አይጠፋውም።

የእኛ ፈረስ ዘሩ የሚታወቀው በባለቤቱ ቃል ነው። ባለቤቱ ሲሞት፣ ባዝራዋ ገበያ ስትወጣ፣ የዘሯ ታሪክ እዚያው ይቆማል። በከተማ ጋሪውን ባጃጅ እየተካው ነው፤ የገበሬውም ልጅ ሞተር ሳይክል ይመኛል። ይህ አይወቀስም፤ ኑሮ ነው። ግን ሳይጻፍ የጠፋ ዘር ተመልሶ አይመጣም።

አገዎች አንድ መንገድ አሳይተውናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ድል እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ፈረሱን ያሰልፋል። ፈረስ ክብር ያለው ቦታ ሲያገኝ የሚያረባውም ሰው አይጠፋም።

እናንተ የብቸናና የሞጣ ወጣቶች፣ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። በገበያ ቀን ፈረስ ይዞ የመጣ አባት ስታገኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የፈረሱ ስም ማን ነው? እናቱ የማን ባዝራ ናት? አባቱ የየት ሀገር ድንጉላ ነው? መልሱን ጻፉት፤ ፈረሱንም ፎቶ አንሱት። የዘር መዝገብ የሚጀመረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው።