የሸክላ ማቃጠያ እቶን መደርደሪያ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ለብዙ ዘመን በንቀት ሲታዩ የኖሩት የአገራችን ሸክላ ሠሪ ሴቶች እንስራውንና ጀበናውን በሜዳ ላይ ደራርበው በእንጨትና በኩበት ሲያቃጥሉ ኖረዋል። እቶንም መደርደሪያም የላቸውም። ይህን የዕውቀት ጉድለት ነው ብንል ግን ፍርዳችን የችኰላ ይሆናል፤ ቅብ የሌለው ሸክላ በእሳት ውስጥ ቢነካካ አይጣበቅምና። መደርደሪያን ያስፈለገው እንደ ብርጭቆ የሚቀልጠው ቅብ ነው።

በቻይና አገር የዲንግ ሸክላ ሠሪዎች በ11ኛው መቶ ዓመት ጎድጓዳ ሳሕኖችን ደፍተው፣ ደረጃ ባለው መደገፊያ ላይ አንዱን ከሌላው በላይ ይደረድሩ ጀመር። በዚህም በአንድ እሳት ብዙ ዕቃ አወጡ፤ ነገር ግን መደገፊያውን የሚነካው የሳሕኑ አፍ ያለ ቅብ ስለሚቀር በመዳብ፣ በብር ወይም በወርቅ ይለበጥ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሽየር ደግሞ ዕቃው በወፍራም የሸክላ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ይቃጠል ስለ ነበር፣ ከድንጋይ ከሰሉ ከፊሉ የሚያልቀው ሣጥኑን በማጋል ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሊከን ካርባይድን የሚሠራበትን ዘዴ ካገኘ በኋላ ግን ስስ ሆኖ ሳለ የማይጎብጥ፣ ሙቀትም ቶሎ የሚያሳልፍ መደርደሪያ ለመሥራት ተቻለ። ኮርዲየራይት የተባለው ሌላው ዓይነት ሲግል እምብዛም ስለማይሰፋ፣ ሙቀቱ በድንገት ቢለዋወጥ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ኃይለኛ እሳት በመቻል ግን ከሲሊከን ካርባይድ ያንሳል።

እንግዲህ መደርደሪያ የሚመረጠው እንደ ዕቃውና እንደ እሳቱ ነው። ስለዚህ የሸክላ ሠሪዋን ጥበብ በእቶን መኖርና አለመኖር ከመመዘናችን በፊት፣ የምትሠራው ዕቃ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ይገባናል እንላለን።