የማረፊያው ሜዳ ትምህርት

ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ወደ ቡሬ ስንጓዝ፣ በግራም በቀኝም የተንጣለለውን እርሻና የግጦሽ መስክ እያየን «ይህ ሁሉ ሜዳ ለአይሮፕላን ማረፊያ ምንኛ በተመቸ!» እንላለን። ሰው ስለ በረራ ሲያስብ ዐይኑን ወደ ሰማይ ያቀናልና ሜዳውን እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል። ነገር ግን የበረራን ነገር ለመረመረ ሰው፣ የጀማሪ አብራሪ ብርቱ ፈተና በምድር፣ ይኸውም በማኮብኮቢያው ላይ ሆኖ ይገኛል። ይህንኑ ከታሪክ ጥቂት ጥቂት እያነሣን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን።

የመጀመሪያው አይሮፕላን ወደ አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቈይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በረራ ተምረው ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተቈጠሩ። በዚያው ዘመን ከአሜሪካ የመጣው ሁበርት ጁልያን፣ የ1923ቱ የዘውድ በዓል ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ የተባለች ትንሽ አይሮፕላን ይዞ ተነሣና ሰበራት፤ ራሱ ቢተርፍም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለታቸው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ወደ ጎጃም ስንመለስ ደግሞ የጥንቃቄን ምሳሌ እናገኛለን። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ጠላት በቡሬና በዳንግላ መሽጎ ሳለ፣ አንድ የእንግሊዝ አብራሪ ሻለቃ ዊንጌትን አሳፍሮ በግዮን ምንጭ አጠገብ በምትገኘው በሰቀላ አረፈ። ዊንጌትም ቀደም ብሎ ከአርበኞች ጋር የተገናኘውን ኮሎኔል ሳንድፎርድን አነጋግሮ ወደ ካርቱም ተመለሰ። ሰቀላ ከቡሬ በስተ ሰሜን ያለች፣ ተራራ የበዛባት ደጋ ናት። እንዲህ ባለ ስፍራ ወርዶ እንደገና ለመነሣት የሜዳውን ርዝመት፣ የነፋሱን አመጣጥና የቦታውን ከፍታ አስቀድሞ ማመዛዘን ግድ ነው።

ስለ ከፍታው ጥቂት እንጨምር። ቡሬም ሆነች ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 18 እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቍጥር ያው ሆኖ ሳለ፣ አይሮፕላኑ መሬት ሲነካ የሚኖረው ፍጥነት ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል፤ ለመቆም የሚያስፈልገውም ሜዳ ከመቶ 20 እጅ ያህል ይረዝማል። በቆላ የተማረ ጀማሪ ግን ምድሪቱ ስትፈጥንበት አይቶ «ፍጥነቴ በዛ» ይልና፣ መለኪያውን ትቶ ዐይኑን በማመን የአይሮፕላኑን አፍንጫ ሽቅብ ይስባል። ያን ጊዜ ክንፉ የሚደግፈውን አየር ያጣና አይሮፕላኑ በድንገት ይወድቃል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት መንጠር ነው። ፈጥኖ የወረደ አይሮፕላን መሬት ነክቶ እንደ ኳስ ይነጥራል። ተማሪው ደንግጦ አፍንጫውን ቍልቍል ሲጫነው የፊቱ ጎማ አስቀድሞ መሬት ይመታና ይሰበራል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፤ ሞተሩን በሙሉ ኀይል ከፍቶ መነሣትና ዞሮ እንደገና መምጣት ነው። ጂፕሲ ሞዝን የመሰሉት የጥንት አይሮፕላኖች ጅራታቸውን መሬት አስደግፈው ይሄዱ ስለ ነበር፣ ነፋስ ከጎን ሲመታቸውና ተማሪው ሲዘገይ ባሉበት ይሽከረከሩ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናዊው በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ዘመን የአየር ኀይላችን ተማሪዎች በቢሾፍቱ የተለማመዱበት ሳፊር የፊት ጎማ ስላለው ይህን ስሕተት አቃለለው፤ የመንጠሩን ግን አላስቀረውም።

ስሕተት የጀማሪ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ አንድ የውጭ አገር ታሪክ እንጥቀስ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት በጉም ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ሳይፈቀድለት ለመነሣት ሩጫ የጀመረው የሆላንዱ አይሮፕላን አዛዥ፣ በአየር መንገዱ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ አለቃ የነበረ ሰው ነው። አብሮት የነበረው መሐንዲስ፣ ሌላው አይሮፕላን ከማኮብኮቢያው ወጥቶ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ አዛዡ ግን መውጣቱን አረጋግጦ ሩጫውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የበታች ሠራተኛ ያየውን በግልጽ እንዲናገር፣ አዛዡም እንዲያዳምጥ ማስተማር የሙያው ደንብ ሆነ።

እንግዲህ የግል አብራሪነትን ፈቃድ ለማግኘት የሚማር ወጣት፣ ልጅነቱን በቡሬም ያሳልፍ በአዲስ አበባ፣ ሊያፍርበት የሚገባው ስሕተቱን መሸሸጉን እንጂ መሳሳቱን አይደለም። ወርዶ ያልተስተካከለለት ሰው እንደገና ተነሥቶ ዞሮ ቢመጣ የሚያጣው ጥቂት ቤንዚንና ጥቂት ደቂቃ ነው። አስተማሪውም ተማሪው «ተሳስቻለሁ» ሲል ቢቈጣው፣ ሌላ ቀን ዝም እንዲል ያስተምረዋል። እኛ በጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች የተሳሳተ ደብዳቤ ቀድደን ሌላ እንጽፋለን፤ በማኮብኮቢያው ላይ ግን የማረሚያው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነውና፣ «ተሳስቻለሁ» የማለት ልማድ ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት።